ለክብር የጣልኳቸው ሁለት አሶች

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ሰመር ላይ ነው። ዓመቱን አጥብቄ አልያዝኩትም፤ ሰዓቱን ግን አልረሳውም፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ስለ ክብርና ስለ ህሊና ብዙ መጻሕፍት አንብቤ አብዛኞቹን ረስቻለሁ። አንድ ታክሲ ነጂ በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ በእግራቸው ቆመው ያደረጉትን ግን አልረሳሁም። ስለ ሰው ልጅ ክፉ ክፉውን ልጽፍ በተቀመጥኩ ቁጥር፣ ብዙ ጊዜም እቀመጣለሁ፣ እሳቸው መጥተው ፊቴ ድንቅር ይላሉ።

እኔ ያን ጊዜ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የአንድ ፓርኪንግ ጋራዥ ካሸር ነበርኩ። መስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ ትኬት እየተቀበልኩ አነባለሁ። ለንባብ ደመወዝ የሚከፍል ሌላ ሥራ እስካሁን አላገኘሁም። አልፎ አልፎም መጣጥፍ እጽፋለሁ፤ ሰው አንብቦ ይቆጣል፤ እኔም ደስ ይለኛል።

ጋሽ ታደለ ደግሞ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ አካባቢ ካሉት ረጃጅም አፓርትመንቶች በአንዱ የሚኖሩ፣ ሰባ ዓመት የሞላቸው ታክሲ ነጂ ነበሩ። ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ሸሪክና ሸሪክ ሲጣሉ፣ ጠበቃ ከመያዙ በፊት የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። እኔንና ባለቤቴንም አንድ ጊዜ አስታርቀውናል። ፍርዱ በእኔ ላይ ነበር፤ ትክክልም ነበር።

ፖከር እንደሚጫወቱ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ማንም ግን አያነሳውም። አስታራቂ ሽማግሌ ቁማር ተጫወተ አይባልም። «ጋሽ ታደለ ባሕር ሊያዩ ሄዱ» ነው የሚባለው። ያን ጊዜ ካዚኖ እንደ ዛሬው ደጃችን ድረስ አልመጣም ነበርና ባሕሩ የሚታየው አትላንቲክ ሲቲ ነው።

በዓመት ሁለቴ ይሄዳሉ። የቆዩ ደንበኛ ስለሆኑ ሆቴሉ ለሁለት ሌሊት ክፍል በነጻ ይሰጣቸዋል። በዚያ ሰመር አብሯቸው የሚሄደው ጓደኛቸው ሳይመቸው ቀረና ለእኔ ኮል አደረጉ።

«ቬኬሽን አለህ?»

«አለኝ። ካልወሰድኩት ሊቃጠል ነው።»

«ከሚቃጠልማ ከእኔ ጋር ና።»

ባለቤቴ «አንተና ቁማር?» ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው። ቁማር ኃጢአት ነው ከሚሉት ጋር ስከራከር ኖሬያለሁ፤ ቁማር ጥበብ ነው ከሚሉት ጋርም ተከራክሬያለሁ፤ ተጫውቼ ግን አላውቅም። ለማንኛውም ከላይብረሪ ሦስት የፖከር መጻሕፍት ተዋስኩና በሁለት ሳምንት ጨረስኳቸው።

ዘጠና አምስት የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘን ወደ ሰሜን ስንወጣ ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ሦስት መጽሐፍ?» አሉ መሪውን እንደያዙ።

«ሦስት።»

«የሰው ፊት ማንበብ የሚያስተምረው ስንተኛው ነው?»

«ሁለተኛው ላይ አንድ ምዕራፍ አለው።»

«አንድ ምዕራፍ!» ብለው እስከ ባልቲሞር ሳቁ።

ከባልቲሞር በኋላ የልባቸውን ነገሩኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ቶርናመንት ሲገቡ አንድም ቀን የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ደርሰው አያውቁም። አንድ መቶ ያህል ሰው እኩል ቺፕ፣ በገንዘብ ፋንታ የሚያስይዙትን ክብ ጠፍጣፋ፣ ይዞ ይጀምራል፤ ቺፑን የጨረሰ እየተነሳ ይሄዳል፤ ዘጠኝ ሰው ሲቀር አንድ ጠረጴዛ ላይ ይሰበሰብና ፎቶ ይነሳል። ፎቶው አዳራሹ መግቢያ ላይ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። ጋሽ ታደለ የሚፈልጉት ያን ፎቶ ነበር።

«ገንዘቡ ይቅርብኝ» አሉ። «አሥራ ሁለት ዓመት በዚያ ግድግዳ ሥር አለፍኩ። ቻይናው አለ፣ ጣልያኑ አለ፣ አንድ ሐበሻ የለም። ደግሞ ዘንድሮ ካልሆነ አይሆንም።»

ቀኝ ጉልበታቸው አልቋል። ኦፕሬሽን ቀጠሮ ይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ቴክሳስ ልጃቸው ዘንድ ሊጠቃለሉ ነው። ታክሲዋንም የሚገዛ ሰው አግኝተዋል።

በማግስቱ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ጨዋታው ተጀመረ። የተለያየ ጠረጴዛ ላይ ተመደብን። ስለ ራሴ ጨዋታ ብዙ አልልም፤ ጥሩ ካርታ መጣልኝ፤ መጻሕፍቱም ልክ ሆኑ። መጽሐፍ ልክ የሚሆነው ጥሩ ካርታ ሲመጣ ነው። ቀና ባልኩ ቁጥር ጋሽ ታደለም አሉ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ካርታውን ትተው ሰው ሰውን ያያሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አሥራ አራት ሰዎች ቀረን። ሁለት ጠረጴዛ ብቻ ስለቀረ መቀመጫው እንደገና ተደለደለ። ጋሽ ታደለ ቺፓቸውን በትሪ ይዘው እያነከሱ ወደ እኔ ጠረጴዛ መጡ።

እኔ ብድግ አልኩ።

አስቤው አይደለም። ታላቅ ሰው ሲመጣ እግሬ ከእኔ ቀድሞ ይነሳል። ሌሎቹ ተጫዋቾች ተሸንፌ የምሄድ መስሏቸው አዩኝ። ጋሽ ታደለ «ተቀመጥ፣ ተቀመጥ እንጂ» ብለው ከፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ካርታ አዳዩ ወዲያው «እዚህ ጠረጴዛ ላይ እንግሊዝኛ ብቻ፣ እባካችሁ» አለን።

ጥቂት እንደተጫወትን ካርታዬን ሸፈን አድርጌ ብገልጠው ሁለት አስ ነው። በዚህ ጨዋታ ከሁለት አስ የሚበልጥ መነሻ የለም። ዳጎስ ያለ ቺፕ አስገባሁ። ሌላው ሁሉ ካርታውን ጣለና ተራው ጋሽ ታደለ ጋ ደረሰ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ያላቸውን ቺፕ በሙሉ በሁለት እጃቸው ወደ መሀል ገፉት።

የእኔ ቺፕ ከእሳቸው ይበልጥ ነበር። ተቀብያቸው ካሸነፍኩ ከውድድሩ ወጡ ማለት ነው። አሥራ አራተኛ። ፎቶም የለ፣ ግድግዳም የለ።

ሦስቱም መጻሕፍት እዚህ ላይ አንድ ቃል ናቸው፤ «ሳታስብ ተቀበል» ይላሉ። ሦስቱም ግን የተጻፉት ጋሼ የሚባል ሰው በሌለበት አገር ነው። ትዳሬን ያተረፉልኝን ሰው በካርታ ላባርራቸው? አንድ እጃቸው ከጠረጴዛው ሥር ጉልበታቸውን ሲያሽ ታየኝ። አልቻልኩም።

ካርታዬን ጣልኩ። ደፍቼ ዝም ብዬ ብጥለው ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። ክብር የሚሰጥ ሰው ግን ምስክር ይፈልጋል። ሁለቱን አሶች ፊታቸውን ገልጬ አስቀመጥኳቸውና ጎንበስ ብዬ በአማርኛ «ይውሰዱት ጋሼ» አልኩ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ የጮኸው ከጎኔ የተቀመጠ ባለ ኮፍያ ግዙፍ ሰውዬ ነው። የትራክ ሹፌር መሆኑን ቀደም ብሎ ነግሮኛል። «ሁለት አስ ይጣላል? እነዚህ አብረው ናቸው! ሲነጋገሩም ሰምታችኋል!»

ተቆጣጣሪዋ ተጠራች። ጥቁር ሱፍ የለበሰች፣ ፊቷ የማይነበብ ሴትዮ ናት።

«ምን አልከው?»

«ይውሰዱት አልኳቸው።»

«ለምን?»

«ታላቄ ናቸው።»

«ወንድምህ ነው?»

«አይደሉም።»

«አለቃህ?»

«አይደሉም።»

«ታዲያ ምንህ ነው?»

ይሉኝታን ለካዚኖ ተቆጣጣሪ፣ በእንግሊዝኛ፣ በቁም ማስረዳት የቻለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እኔ አልቻልኩም።

ፍርዷ አጭር ነበር። ለወዳጅ ማዘን እዚያ ቤት እንደ ማጭበርበር ይቆጠራል። እኔ አንድ ሙሉ ዙር ተነስቼ እንድቆም፣ ከደገምኩ እንድባረር ወሰነች። ወደ ጋሽ ታደለ ዞራ «እርስዎ ምንም አላጠፉም። ቺፑ የእርስዎ ነው፤ ይቀጥሉ» አለቻቸው።

ጋሽ ታደለ የራሳቸውን ሁለት ካርታዎች ገለጡ። ስምንትና ሦስት። ምንም ማለት ነው፤ ባዶ እጅ።

«እሱ ሁለት አስ፣ እኔ ባዶ» አሉ በታክሲ እንግሊዝኛቸው። «ማዳም፣ እኔ ጨርሻለሁ።»

«ሕጉ እንደዚያ አይልም። ካርታውን ጥሎልዎታል።»

«ሕግሽን አልነካም። ቺፑ እዚያው ይሁን። እኔ አልቀመጥም።»

«ካልተቀመጡ ብላይንዱ ይጨርስዎታል።»

«ይጨርሰኝ» አሉና ባርኔጣቸውን አንስተው ተነሱ።

ብላይንድ የሚሉት ተራህ ሲደርስ ካርታ ሳታይ በግድ የምታስገባው ቺፕ ነው። ወንበርህ ባዶ ቢሆንም ካርታ አዳዩ ካንተ ክምር እያነሳ ያስገባል፤ ካርታም ያድልሃል፤ ያደለህን መልሶ ይሰበስባል። ከወንበሩ የተነሳ ሰው በዚህ ዓይነት ቀስ እያለ ያልቃል። ቺፕን ለሌላ ማደል አይቻልም፣ ይዞ መሄድም አይቻልም። ያላግባብ ያገኙትን የመመለሻ መንገድ ይኸው አንድ ብቻ ነበር፤ ጋሽ ታደለም እሱን መረጡ።

ተመልካች የሚቆምበት አጥር ጋ ጎን ለጎን ቆምን። እኔ ተቀጥቼ፣ እሳቸው ሳይቀጡ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሳፈርኩዎት።»

«አንተ አይደለህም።»

«እኔ ነኝ እንጂ። አክብሬ መስሎኝ…»

«ዝም በልና ስማ» አሉ ዓይናቸውን ከጠረጴዛው ሳያነሱ። «ካርታህን ስታይ ጆሮህ ቀላ። ትልቅ ካርታ እንደያዝክ ያን ጊዜውኑ አውቄያለሁ።»

«አውቀው ነው በባዶ እጅ የገፉት?»

«አውቄ። ስቀመጥ ብድግ ብለህልኛል። ይሄ ልጅ እኔ ላይ አይጨክንም አልኩ በልቤ። አልጨከንክም።» ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩ። «ሠላሳ ዓመት ሰው ያከበረኝን ሽምግልና ለአንድ ፎቶ አስያዝኩት። ሴትዮዋ አላጠፋህም ትለኛለች። ምን ታድርግ፣ ሆዴን አታይ።»

ይህን ከራሳቸው አፍ ባልሰማ ኖሮ በምድር ላይ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ እንኳ እስክሞት ድረስ ጨዋነቴን ሳወራ እኖር ነበር።  

ቅጣቴ ሲያልቅ «ሂድ ተጫወት፤ ያንተ አበቃ» ብለው ገፋ አደረጉኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ግን ካርታ ባየሁ ቁጥር እጄ ጆሮዬን መዳበስ ጀመረ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ያለኝን ሁሉ ባለ ኮፍያው ወሰደው። በአካባቢው ከነበረው ወንበር አንዱን ይዤ ወደ አጥሩ ተመለስኩ።

«ይቀመጡ ጋሼ፣ ጉልበትዎ።»

«ከተቀመጥኩማ የማርፍ እመስላለሁ።»

ያንን ወንበር እኔም ልቀመጥበት አልደፈርኩም። እዚያው ባዶውን ቆመ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እስከ ዛሬ እደነቅበታለሁ። የተቀመጡት ሰዎች እርስ በርሳቸው መጠራረግ ጀመሩ። አንዱ ሲደፍር ይወድቃል፣ ሌላው ሲፈራ ያልቃል። የጋሽ ታደለ ክምር ግን ባለቤት የለውም፤ አይደፍርም፣ አይፈራም፤ እንደ ሻማ ቀስ ብሎ ብቻ ይቀልጣል። አሥራ አንደኛው ሰውዬ ወጣ። አሥረኛው እየተሳደበ ወጣ። ዘጠኝ ቀሩ።

አንድ ሠራተኛ ከጋሽ ታደለ የተረፈችውን ቺፕ በትሪ ይዞ ወደ መጨረሻው ጠረጴዛ ወሰደና ከባዶው ወንበር ፊት ደረደራት። ስማቸው በድምፅ ማጉያ ተጠራ።

«ደረሱ ጋሼ!» አልኩ ክንዳቸውን ይዤ። «ደረሱ እኮ!»

«አየሁ» አሉ።  እስከዚያ ድረስ እግራቸውን እየቀያየሩ ነበር የቆሙት፤ ያን ጊዜ ግን ሁለቱንም ረገጡ።

ባለ ኮፍያው ከጠረጴዛው ተነስቶ መጣ። «ሰውዬ» አላቸው፣ «ይበቃል። የጮኽኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ካልኩ ተቀመጥ። ፎቶውን አብረን እንነሳ።»

በእኛ ሽምግልና የበደለ ሰው በራሱ ፈቃድ አይነሳም፤ ተነስ የሚለው የተበደለው ነው። የተበደሉት ብዙ ከሆኑ ሁሉም ማለት አለባቸው፤ አንድ ሰው ካኮረፈ እርቁ አልወረደም። ጋሽ ታደለ ይህን ሕግ ለስንት ሰው እንደፈጸሙት እኔ አልቆጥረውም። እያነከሱ ወደ ጠረጴዛው ሄደው ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ያዙ።

«ያ ልጅ እንደሚያከብረኝ አውቅ ነበር» አሏቸው። «በአክብሮቱ ተጠቀምኩ። ሕጋችሁ ላይ የለም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ። ሁላችሁም ተቀመጥ ካላችሁኝ እቀመጣለሁ። አንድ ሰው ካልፈቀደ አልቀመጥም።»

ሰዎቹ ግራ ተጋብተው ተያዩ። አንዱ ትከሻውን ነቅንቆ «ለእኔ ችግር የለም» አለ። ሌላው አውራ ጣቱን አሳየ። ሰባቱ ተስማሙ። ጫፍ ላይ ጆሮዋን በሄድፎን ደፍና የተቀመጠች ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች ሴት አንዱን ጆሮ ገለጥ አደረገች።

«እኔ አልፈቅድም» አለች። በክፋት አልነበረም፤ ሰዓት እንደተጠየቀ ሰው ነው የመለሰችው።

«ምን ነካሽ?» አላት ባለ ኮፍያው። «ሽማግሌ ናቸው እኮ!»

«አንተስ የጮኽከው ሽማግሌ ናቸው ብሎ ስለጣለላቸው አይደል?»

 እኔ አጥሩ ጋ ሆኜ ሴትዮዋን በሦስት ቋንቋ ልሰድባት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጋሽ ታደለ ግን ሳቁ። ከባልቲሞር ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አላየኋቸውም። «ልክ ናት» አሉ፣ ለእሷም ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው ሰላምታ ሰጥተው፣ እያነከሱ ወደ አጥሩ ተመለሱ።

ፎቶ አንሺው ለፎቶው ብቻ ይምጡ ብሎ ለመናቸው። እንቢ አሉ። ስምንት ሰውና አንድ ባዶ ወንበር አነሳ። ሌላ ሩብ ሰዓት ያህል ቆመን ቺፓቸው ስታልቅ አየን፤ የመጨረሻዋን ካርታ አዳዩ በሁለት ጣቱ አነሳት። ዘጠነኛ ሆነው ተመዘገቡ። ለዘጠነኛ የሚሰጠውን ገንዘብ ተቆጣጣሪዋ በግድ አስፈረመቻቸውና እሳቸው ለካርታ አዳዮቹ ጉርሻ አድርገው ተዉት። ተቆጣጣሪዋ ስትሰናበታቸው እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች። ማን እንዳስተማራት አላውቅም።

በማግስቱ እኔ እየነዳሁ ስንመለስ፣ ያችን ባለ ሄድፎን ሴት ማማት ጀመርኩ።

«ተው» አሉኝ። «ሰባቱ አዘኑልኝ። የተናገርኩትን እንደ ቃል የቆጠረችልኝ እሷ ናት።»

በዚያው ዓመት ኦፕሬሽናቸውን አድርገው ቴክሳስ ገቡ። እኔ ከዚያ ወዲህ ፖከር ተጫውቼ አላውቅም። ለታላቅ ሰው ብድግ ማለቴን አልተውኩም፤ ሲሳሳቱ ግን «ተሳስተዋል» እላቸዋለሁ፤ በዚህም ሁለት ሰርግና አንድ የእድር ስብሰባ ላይ ባለጌ ተብያለሁ። አይቆጨኝም።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። አንድ እሁድ፣ ጋሽ ታደለን እያሰብኩ፣ ማንም ያላወቀብኝን አንድ የቆየ ጥፋቴን መረጥኩ። ትልቁን አይደለም፤ ከትንንሾቹ አንዱን ነው። ለበደልኩት ሰው ልናገር ወሰንኩና ስልክ ደወልኩ።

ሁለት ጊዜ ሲጠራ ዘጋሁት። ጋሽ ታደለ በዚያ ጉልበት አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ቆመው ነበር።